የድል ማግስት፤ ሮማውያንና የእምባቦ ጦርነት

መንግሥት በጦርነት ይሰፋል የሚለው አባባል እውነትነቱ ግማሽ ነው። ጦርነት ድንበርን ይገፋል፤ የተገፋውን ድንበር አጽንቶ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው። በዓለም ታሪክ ድል አድርጎ የተመለሰ ንጉሥ ብዙ ነው፤ ድል ያደረገውን አገር ለልጅ ልጁ ያወረሰ ግን ጥቂት ነው። የዚህን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ወይም ወጣት ሹም ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት ብዙ ይጠቀማል። አንደኛው በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የጥንት ሮማውያን ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጉለሌ በላይ ካለው ከእንጦጦ ጋራ ላይ ሆነው አገር ያስተዳድሩ በነበሩት በንጉሥ ምኒልክና በጎጃሙ ንጉሥ በተክለ ሃይማኖት መካከል በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የተደረገው ጦርነት ነው።

ሮማ ከጎረቤቶቿ ጋር

ሮማ በመጀመሪያ በቲቤር ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነበረች። በስተሰሜን ኤትሩስካውያን፣ በዙሪያዋ የላቲን ከተሞች፣ በተራራው ላይ ሳምናውያን ይኖሩ ነበርና ከእነዚህ ሁሉ ጋር ስትዋጋ ኖረች። የጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ብቻ የምትርቀውን የቬዪን ከተማ እንኳ የያዘቻት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 ዓመት ነው። ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ከሰሜን የመጡ የጎል ነገዶች ራሷን ሮማን ገብተው ዘረፏት። እንግዲህ ሮማ ከተፈጠረች ጀምሮ የማትሸነፍ ከተማ አልነበረችም ማለት ነው።

ታላቅ ያደረጋት ሥራ የተጀመረው በ338 ዓመት ነው። የላቲን ከተሞች ባንድነት ተነሥተውባት ድል በተደረጉ ጊዜ የሮማ የሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ከተማ ጉዳይ ለየብቻው መረመረ። ለአንዳንዶቹ ሙሉ የሮማ ዜግነት ሰጠ፤ ለሌሎቹ ከመምረጥ መብት በቀር ሌላውን ሁሉ ፈቀደ፤ ከቀሩት ጋር ደግሞ የቃል ኪዳን ውል ተዋዋለ። ከእነዚህ የቃል ኪዳን አገሮች ሮማ የገንዘብ ግብር አትጠይቅም ነበር። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጦርነት በመጣ ጊዜ ወታደር እንዲያዋጡ ነው። ስለዚህ ትናንት ድል የሆነው ሰው ነገ ከሮማዊው ጎን ተሰልፎ ይዋጋል፤ ከምርኮውም ድርሻውን ያገኛል።

የዚህ አሠራር ጥቅም በቁጥር የታየው በ225 ዓመት ነው። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደ ጻፈው፣ በዚያ ዓመት ሮማና ቃል ኪዳነኞቿ መሣሪያ ሊያነሣ የሚችል ሰው ቢቆጥሩ ከ700,000 የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የካርታጎው የጦር አለቃ ሀኒባል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአልፕን ተራሮች ተሻግሮ ኢጣልያ በገባ ጊዜ የገጠመው ኀይል ይህ ነበር።

ሀኒባል የጦር ብልሃት የጎደለው ሰው አልነበረም። በ216 ዓመት በካናይ ሜዳ ባንድ ቀን 50,000 ያህል የሮማ ሠራዊት ፈጀ። ከዚህ በፊትና በኋላም የማረካቸውን የሮማን ቃል ኪዳነኞች ያለ ቤዛ እየለቀቀ፣ ጠቤ ከሮማ ጋር ብቻ ነው፣ እናንተን ነጻ ላወጣ መጥቻለሁ ይላቸው ነበር። ካፑዋና በደቡብ ያሉ አንዳንድ ከተሞች ወደ እርሱ ዞሩ። የላቲን ከተሞችና የመካከለኛው ኢጣልያ ሕዝብ አብዛኛው ግን ከሮማ አልተለየም። ሀኒባል ከአሥር ዓመት በላይ በኢጣልያ ሲመላለስ ኖሮ በመጨረሻ ወደ አፍሪካ ተመለሰ፤ በ202 ዓመትም በዛማ ድል ሆነ። በሜዳው ላይ ሮማውያንን ማሸነፍ ችሎ ነበር፤ በ338 ዓመት የተዋዋሉትን ውል ማፍረስ ግን አልቻለም።

ሆኖም ሮማ ሁለት እጅ ነበራት። አንደኛው እጅዋ ውል ሲያስር፣ ሁለተኛው ያቃጥል ነበር። ከካርታጎ ጋር የተጣላችው በመጀመሪያ ስለ ሲሲሊያ ደሴት ነው። በ264 ዓመት የተጀመረው ይህ ጦርነት 23 ዓመት ፈጀ፤ የሲሲሊያ ገበሬ ግን ለማን ልትገብር ትወዳለህ ተብሎ አልተጠየቀም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደሴቲቱ ገዥ የሚላክባትና እህል የምትገብር የመጀመሪያዋ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። በ146 ዓመት ደግሞ ሮማውያን ካርታጎን ራሷን አቃጠሉ፤ የተረፈውንም ሕዝብ በባርነት ሸጡ። በዚያው ዓመት የግሪኳ ቆሮንቶስ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰባት። ነገር ግን በባርነት የተጋዘው ሰው ባለበት ቦታ ጸጥ ብሎ አልተቀመጠም። ከአሥር ዓመት በኋላ በሲሲሊያ የባሮች ዐመፅ ተነሥቶ፣ ሮማ እርሱን ለማብረድ ዓመታት ያህል መዋጋት ግድ ሆነባት።

ከአንኮበር ወደ እንጦጦ

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን እንመለስ። በዘመነ መሳፍንት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫቸው በምሥራቅ፣ በአንኮበር አካባቢ ነበር። ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የቱለማ ኦሮሞ አገር ይገኛል። ዛሬ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆነው ጉለሌ የሚለው ስም ከቱለማ ጎሣዎች የአንዱ ስም ነው። የጉለሌ ሰዎች ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ፣ ፍልውሃው ባለበት በፊንፊኔ አካባቢ ከብት ያረቡና ያርሱ ነበር። በቃል ታሪክ ስማቸው የሚነሣው ቱፋ ሙና የእነርሱ አለቃ ነበሩ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት፣ ወደዚህ አገር በየጊዜው ይዘምቱ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ንጉሡ ዘንድ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በመጽሐፉ የአንዱን ዘመቻ ነገር ገልጾአል። በፊንፊኔ ሸለቆ መንደር መቃጠሉን፣ ብዙ ሰው መገደሉን፣ ከብት እየተነዳ መወሰዱን ጽፎአል። የዚህን ዘመቻ ጠባይ አንባቢ ልብ ይበል። ሠራዊቱ ይመጣል፤ ያቃጥላል፤ ከብቱን ይነዳል፤ ወደ አንኮበር ይመለሳል። ሠራዊቱ ሲመለስ የንጉሡ ሥልጣንም ከብዙው ስፍራ አብሮት ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደ ገና መዝመት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ዘመቻ ምርኮ ያስገኛል እንጂ መንግሥት አያሰፋም።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ ሕፃኑ ምኒልክ ወደ መቅደላ ተወስደው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ነገሡ። በ1870ዎቹም መቀመጫቸውን ከአንኮበር አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩ፤ በመጨረሻ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በእንጦጦ ላይ ከተሙ። ቦታው ብርድ ያለበት፣ እንጨቱ ቶሎ የሚያልቅበት ነው፤ ምሽግነቱ ግን መልካም ነው። ከዚያም በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጋራው በታች ተቆረቆረች።

«ከተማ» የሚለው ቃላችን ከመክተም፣ «ሰፈር» የሚለውም ከመስፈር የመጣ መሆኑ ብዙ ያስረዳል። ሠራዊቱ ከዘመተበት አገር መመለሱን ትቶ በዚያው መስፈር ጀመረ። ሮማውያንም ልክ እንደዚሁ በያዙት አገር የወታደር ሰፈር እየተከሉ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር መንገድ ያወጡ ነበር። በአውሮፓ ብዙ ታላላቅ ከተሞች መነሻቸው ይህ ዓይነት የሮማ ሰፈር ነው።

ሁለት ነገሥታት፣ አንድ የንግድ መንገድ

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ገብተው የበላይነታቸውን ተቀበሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሸዋን ንጉሥነት አጸኑላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙን ገዥ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» ብለው አነገሡ። የጠቡ ዘር ከዚህ «የከፋ» ከሚለው ቃል ላይ ነው። ከፋ በዚያን ጊዜ የሁለቱም አልነበረችም፤ ሁለቱም ግን ይመኟታል።

ምክንያቱ ንግድ ነው። የከፋና የጊቤ አገሮች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ የሚገኝባቸው ነበሩ። ይህ ሸቀጥ ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጉዱሩ አሰንዳቦ አልፎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገበያ ወደ ባሶ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይሄዳል። ሁለተኛው በሸዋ ሮጌ ገበያ በኩል ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ይወርዳል። መንገዱን የያዘ ንጉሥ ቀረጡን ይሰበስባል፤ ቀረጡን የሰበሰበ ጠበንጃ ይገዛል፤ ጠበንጃ የገዛም ተቀናቃኙን ያሸንፋል። የሮማና የካርታጎ ጠብም ቢሆን ከእንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይርቅም።

የጎጃሙ ንጉሥ ጦር አለቃቸውን ራስ ደረሶን ዓባይን አሻግረው ግብር እንዲያስገብሩ ላኩ። በሸዋ በኩል ደግሞ ራሳቸው የቱለማ ኦሮሞ ተወላጅ የሆኑት ራስ ጎበና ዳጬ በፈረሰኛ ሠራዊታቸው በዚያው አገር ይዘዋወሩ ነበር። ሁለቱ አለቆች ተጋጩ፤ ጎበናም ደረሶ የሰበሰቡትን ግብር ቀሙ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ከአለቆቹ ወደ ነገሥታቱ ተላለፈ። በግንቦት ወር መጨረሻ 1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት ሠራዊታቸውን ይዘው በሆሮ ጉዱሩ፣ በእምባቦ ላይ ተገናኙ።

ውጊያው ብርቱ ነበር። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ የሸዋ ሠራዊት በረታ፤ በዚህም የራስ ጎበና ፈረሰኞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ሲሲሊያን ያስታወሰ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። የተዋጉት የሸዋና የጎጃም ነገሥታት ሲሆኑ፣ እርሻው የተረገጠውና ከብቱ የታረደው የሆሮ ጉዱሩ ገበሬ ነበር። እርሱንም ማን ቢገዛህ ትወዳለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ከእምባቦ በኋላ

ንጉሥ ምኒልክ የተማረኩትን ባላንጣቸውን አልገደሉም፤ በሰንሰለት አስረው መሳለቂያም አላደረጉም። ቁስላቸው እንዲታከም አድርገው በንጉሥነት ክብር እንደ ያዟቸው ይነገራል። ቀጥሎ የሆነው ነገር ደግሞ በሮማ ታሪክ የማይገኝ ነው። ከሁለቱም በላይ ንጉሠ ነገሥት ነበርና ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዴ ተዋጋችሁ ብለው አሸናፊውንም ተሸናፊውንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ተክለ ሃይማኖትም ወደ ጎጃም ተመልሰው ገዙ።

የዚህ ምሕረት ፍሬ የታየው በኋላ ነው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ የእምባቦ ጠላቶች በዐፄ ዮሐንስ ላይ ባንድነት መከሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ሲቀቡ፣ ጎጃምን ለማስገበር ሁለተኛ እምባቦ አላስፈለገም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ከምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ከእምባቦ እስከ ዐድዋ 14 ዓመት ብቻ ነው። የጎጃም ንጉሥ በእምባቦ ተገድለው ቢሆን ኖሮ በዐድዋ የጎጃም ሠራዊት በማን ስም ይሰለፍ ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በምዕራብም እንዲሁ ሆነ። የለቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ከእምባቦ ድል በኋላ ያለ ጦርነት ገቡ፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጣቸው። አገራቸውን እርሳቸው፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ኩምሳ ግብር እየላኩ ገዙ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም በዚሁ መንገድ ገብተው እስከ 1920ዎቹ ድረስ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት አስተዳደሩ። በዚህ በኩል የምኒልክ አሠራር ሮማ በ338 ዓመት ካደረገችው ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ከድል ከሆነው ወገን የተገኙትን ሰዎችም ማስታወስ ይገባል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጨቦ ዘመቻ ጊዜ ተማርከው የመጡ ልጅ ነበሩ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ ከመንግሥቱ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተወስደው በቤተ መንግሥት ያደጉ ናቸው፤ በዐድዋ መድፈኛነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሁለተኛው እጅ

ታሪክን በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ይችላል። ነገር ግን ሸዋም እንደ ሮማ ሁለት እጅ ነበራት። በውል ያልገባው አገር ዕጣው ሌላ ሆነ። አርሲ ለብዙ ዓመታት በጽኑ ተዋግቶ ከብዙ እልቂት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ተያዘ። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ ተወግቶ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻም የከፋ መንግሥት ወደቀ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾም ተይዘው በግዞት ኖሩ።

በእነዚህ አገሮች የሰፈረው ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ገባሩ እህሉን ያስፈጫል፣ እንጨቱን ይለቅማል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ማሩንና ከብቱን ይገብራል። በኋላም መሬቱ በቃላድ እየተለካ ሲሶው ለባላባቱ ሲቀር፣ የቀረው ለመንግሥት ሆነ፤ ከዚያም ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። ትናንት ባለ ርስት የነበረው ሰው በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ጉለሌም ከዚህ አላመለጠም። አዲስ አበባ ስታድግ የጉለሌ ሰዎች እርሻና ግጦሽ ለመኳንንትና ለሠራዊቱ ተሰጠ፤ የቀደመው ሕዝብ አብዛኛው ወደ ዳር ተገፋ። ቦታው ላይ የቀረው ስሙ ነው።

ይህም ቢሆን በሮማ የታየ ነገር ነው። በጦርነት የተወሰደው መሬት የመንግሥት ነው ቢባልም ባለጸጎች እየጠቀለሉ ያዙት፤ ጦርነቱን የተዋጋው ገበሬ ግን መሬት አልባ ሆነ። በ133 ዓመት ጢባርዮስ ግራኩስ የሚባል የሕዝብ እንደራሴ ለአንድ ሰው የሚገባው የመንግሥት መሬት ይወሰን፣ የተረፈው ለድሃው ይከፈል የሚል ሕግ ቢያወጣ ባለ መሬቶቹ ተሰብስበው በዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት። ከዚያም በ91 ዓመት፣ ለሮማ ለብዙ ዘመን ደማቸውን ያፈሰሱት የኢጣልያ ቃል ኪዳነኞች ዜግነት ቢጠይቁ ተከለከሉና ጦር አነሡ። እጅግ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሮማ የተጠየቀችውን ሰጠች። ያንኑ መብት ሁለት ዓመት አስቀድማ በሰላም ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር።

በአገራችን የመሬቱ ጥያቄ የተነሣው ከጉለሌ ብዙ በማይርቀው በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አፍ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ለሰልፍ ወጡ። ጥያቄው መልስ ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ዘውዱ ከወረደ ወዲያ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የዘገየ መልስ ዋጋው ውድ መሆኑን ሮማም እኛም አይተነዋል።

ለወጣት ሹማምንት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ጦርነት ይጠቅማል የሚል አይደለም፤ ጦርነት የሠራውን ቁስል ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው አስተዳደር ወይ ያድነዋል፣ ወይ ያመረቅዘዋል የሚል ነው። ሮማ ከ500 ዓመት በላይ ከፈጀ ጉዞ በኋላ፣ በ212 ዓመተ እግዚእ በንጉሡ በካራካላ ትእዛዝ፣ በግዛቷ ለሚኖር ነጻ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሰጠች። በ338 ዓመት ለጥቂት የላቲን ከተሞች የሰጠችውን ለሁሉ ለማዳረስ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደባት።

የዛሬው ወጣት ሹም ጦር ይዞ አይዘምትም፤ መዝገብና ማኅተም ይዞ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በሚሄድበት አገር ግን የአባቶች ዘመቻ ትዝታ ከእርሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል። ገበሬው ከፊቱ ቆሞ አቤቱታውን ሲያሰማ፣ የሚናገረው ስለ አንድ የድንበር ምልክት ወይም ስለ አንድ ደረሰኝ ይመስላል፤ ከኋላው ግን እምባቦም፣ ወላይታም፣ ቃላዱም አሉ። ሹሙ ይህን አውቆ በእኩልነት ከፈረደለት፣ ያ ሰው መንግሥትን የእኔ ነው ይላል። ይህን ሳያውቅ ገፍቶ ከመለሰው ግን፣ ሠራዊቱ ወደ አንኮበር ሲመለስ እንደ ነበረው ሁሉ፣ የመንግሥት ሥልጣን የሹሙ መኪና ከወረዳው በወጣበት ሰዓት አብሮት ይወጣል።